ያላደገው ልጅ ዕድሜው ስንት ነው?



በገላባት በኩል ወደ ሱዳን የተሻገራችሁም፣ ተከዜን አልፋችሁ በሐምዳይት የገባችሁም፣ በኡም ራኩባ ወይም በጡነይድባ መጠለያ ስትመዘገቡ የተጠየቃችሁትን ታስታውሳላችሁ። «የልጁ ዕድሜ ስንት ነው?» እናት የልደት ወረቀት የላትም። «ሰሊጡ ታጭዶ ሳይወቃ ነው የወለድኩት» ትላለች። የትኛው ዓመት እንደነበር ግን ከዚያ ወዲህ ባለፈው መከራ ተደባልቆባታል። መዝጋቢው ቀና ብሎ ልጁን ያየዋል። አጭር ነው፣ ደረቱ ቀጭን ነው፣ ድምፁ አልጎረነነም። «አሥራ አንድ» ብሎ ይጽፍና የልደት ቀኑን ጃንዋሪ 1 ያደርገዋል።

ልጁ ግን አሥራ አምስት ዓመቱ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የትኛውም ሐኪም ዘንድ ቢቀርብ ወረቀቱ አሥራ አንድ ይላል፤ ቁመቱም ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የሚበቃ ነው። የሚያጠራጥር ነገር ስለሌለ ማንም «ይህ ልጅ ለምን አላደገም?» ብሎ አይጠይቅም። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ሳይጠየቅ ስለሚቀር ጥያቄ ነው። በተለይ የማነጋግረው በዘር በሚተላለፍ የደም በሽታ ምክንያት ልጃቸው ደጋግሞ ደም የሚወስድባቸውን ቤተሰቦች ነው። ደሙ ሕይወቱን ያቆይለታል። ከደሙ ጋር የሚገባው ብረት ግን የዕድገቱን ሥራ የሚመሩትን ዕጢዎች ቀስ በቀስ ያበላሻል። ዕጢ ስል እብጠት ወይም ካንሰር ማለቴ አይደለም። እያንዳንዳችን ስንወለድ ይዘናቸው የመጣናቸውን፣ ሆርሞን የሚያመነጩትን ትንንሽ የሰውነት ክፍሎች ማለቴ ነው።

በመጀመሪያ ስለ በሽታው ልናገር። ለሰሊጥ አጨዳ ወደዚህ፣ ወደ ገዳሪፍ የመጣችሁ ማጭድን አሳምራችሁ ታውቁታላችሁ። የጤነኛ ሰው ቀይ የደም ሴል ክብና ልስልስ ነው፤ ከራሱ በሚጠብብ ሥር ውስጥ እንኳን ተጣጥፎ ያልፋል። በዚህ በሽታ ግን ሴሉ ኦክስጅን ባጣ ጊዜ ይደርቅና እንደ ማጭድ ይጎብጣል። ሱዳኖች «አኒሚያ መንጀሊያ» የሚሉት «መንጀል» በእነሱ ቋንቋ ማጭድ ስለሆነ ነው፤ ሐኪሞች «ሲክል ሴል» ሲሉም ያንኑ ማጭድ መጥራታቸው ነው። የጎበጠው ሴል በሥር ውስጥ ይሰካና አጥንት የሚሰብር የሚመስል ሕመም ያመጣል። ጤነኛው ሴል 120 ቀን ገደማ ሲኖር ይህ ከ10 እስከ 20 ቀን ኖሮ ይፈርሳል። ልጁ ሁልጊዜ ደም የሚያንሰው፣ ዓይኑም ቢጫ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በሽታው ለሱዳን አዲስ አይደለም። በካርቱም የምርምር ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ብሪታንያዊው ሐኪም አርችባልድ እ.ኤ.አ. በ1926 አንድ ሱዳናዊ ታማሚን ገልጾ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ አንቶኒ አሊሰን የሚባል ሐኪም የዚህ በሽታ ዘር ወባ ባለበት አገር የሚበዛበትን ምክንያት አሳየ፤ ዘሩን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ራሱ አይታመምም፣ ከከባድ ወባም ይጠበቃል። ስለዚህ ወባ ባለበት ቆላ ዘሩ ቀረ፤ ወባ በሌለበት ደጋ አልተስፋፋም። በምሥራቅ ሱዳን ከኮርዶፋንና ከዳርፉር የመጡ ሰዎች አሉ፤ ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው ወደ መካ ሲጓዙ እዚሁ የቀሩት የሐውሳና የፉላኒ ቤተሰቦችም በገዳሪፍና በገላባት ዙሪያ ከተቀመጡ ብዙ ትውልድ አልፏል። ዘሩ ከእነዚህ መንገደኞች ጋር ተጉዟል። ከጎንደር ወይም ከጎጃም ደጋ የወረደ ቤተሰብ ግን የበሽታውን ስም እንኳን ላይሰማ ይችላል፤ በጋብቻ ወደ ቤቱ ሲገባ የሚደነግጠው ለዚህ ነው። «የእነዚያ ሰዎች በሽታ» የሚል ወሬ በሻይ ቤት ሲወራ እሰማለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል። ዘሩ ያለባቸው ሁለት ጤነኛ ሰዎች ሲጋቡ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። እናትም ብቻዋን፣ አባትም ብቻውን ጥፋተኛ አይደሉም።

ታላሲሚያ የሚባል የዚህ በሽታ ዘመድ አለ። ስሙን ያገኘው «ባሕር» ከሚል የግሪክኛ ቃል ነው፤ በሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ በቆጵሮስ፣ በግሪክና በጣሊያን ይበዛል። ከባዱ ታላሲሚያ ያለበት ልጅ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ፣ ዕድሜ ልኩን ደም ይወስዳል። ብዙ ደም መውሰድ ዕጢዎችን ምን እንደሚያደርግ ዓለም የተማረው በአብዛኛው ከእነዚህ ልጆች ነው። እኛ ዘንድ የሚበዛው ሲክል ሴል ቢሆንም የእነሱ ትምህርት ይጠቅመናል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ከአንድ ለጋሽ በሚቀዳ ከረጢት ደም ውስጥ ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት አለ። ሰው በቀን ከምግቡ የሚወስደው ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ነው፤ ያንኑ ያህል ከቆዳውና ከአንጀቱ ጋር ይረግፍለታል። ከዚያ በላይ የገባውን ብረት ሰውነት የሚያስወጣበት መንገድ የለውም። ገዳሪፍ የኖረ ሰው ውኃ በአህያ ጋሪ እየተገዛ እንዴት እንደሚቆጠብ ያውቃል። ብረትም በደም ውስጥ የሚጓጓዝበት የራሱ ጋሪ አለው። ጋሪዎቹ ሁሉ ሞልተው ሌላ ብረት ሲመጣ ግን ትርፉ ያለ ጫኝ ይቀርና ያገኘው ክፍል ውስጥ ይገባል፤ ጉበት፣ ልብ፣ ቆሽት፣ ዕጢዎችም ውስጥ። የገባበትንም እንደ ዝገት ያበላሻል። ሃያ አምስት ከረጢት የወሰደ ሰው 5 ግራም ያህል ብረት ተጨምሮበታል። የአንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው ሙሉ ሰውነት የሚይዘው ግን ከ3 እስከ 4 ግራም ነው። ለትንሽ ልጅ የሚሰጠው ደም በክብደቱ ስለሚለካ ሙሉ ከረጢት ላይሆን ይችላል፤ ሰውነቱም ግን እንደዚያው ትንሽ ነው።

ይህን የምነግራችሁ ደም እንድትፈሩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በጭንቅላታቸው የደም ሥር ውስጥ የደሙ ፍጥነት አደገኛ ሆኖ ለተገኘ የሲክል ሴል ልጆች በየወሩ ደም መስጠት የመጀመሪያ ስትሮክን ከ90 በመቶ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከባድ ወባ ይዞት ደሙ የወረደ ልጅም ያለ ደም ያድራል ብሎ ማሰብ ሞኝነት ነው። የምለው፣ የተሰጠው ደም ይቆጠር፤ ልጁ ሳያስፈልገው አይሰጠው። የሲክል ሴል ልጅ የደሙን መጠን የሚያሳየው ሄሞግሎቢኑ 7 ወይም 8 ሆኖ እየተጫወተ ይውላል፤ ለእሱ ያ የዘወትር መጠኑ ነው። «ትንሽ ደም ቢጨመርለት ይበረታል» ተብሎ ዘመድ ተለምኖ የሚሰጠው ከረጢት ደሙን ሊያወፍረው ይችላል፤ ብረቱንም ጥሎበት ይሄዳል።

ከዕጢዎች ሁሉ ለብረት ቶሎ የምትጎዳው ከአንጎል ሥር የምትገኝ ፒቱታሪ የምትባል አተር የምታህል ዕጢ ናት። ለማደግም፣ ለጉርምስናም ትእዛዝ የሚወጣው ከእሷ ነው። እሷ ስትጎዳ ልጅቷ ጡት አታወጣም፣ የወር አበባ አታይም፤ ልጁ ድምፁ አይጎረንንም፣ ጢም አያወጣም። በታላሲሚያ ከሚመጡ የሆርሞን ጉዳቶች በብዛት የሚታየው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ልዩነት ላስረዳ፤ ሳላስረዳ ብቀር አስፈራራችኋለሁና። ሲክል ሴል ያለበት ልጅ ብዙ ደም ባይወስድም ጉርምስናው ሁለት ዓመት ያህል ሊዘገይ ይችላል። ሰውነቱ ቀንና ሌሊት የፈረሰ ደም ሲተካ ለማደግ የሚተርፈው ጉልበት ያንሳል። እንዲህ የዘገየ ብዙ ጊዜ በራሱ ይመጣል። በሲክል ሴል ብረቱ ራሱ ዕጢዎች ጋ የሚደርሰው ከታላሲሚያ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ «ዘግይቶ ነው፣ ይመጣል» የሚለው ተስፋ አንዳንዴ እውነት ነው። ችግሩ የዘገየውንና የቆመውን በዓይን መለየት አለመቻሉ ነው። ስለዚህ መስመር እናስምር፦ ሴት ልጅ 13 ዓመት ሞልቷት ጡቷ ካልጀመረ፣ ወንድ ልጅ 14 ሞልቶት ቆለጡ ማደግ ካልጀመረ ሐኪም ይያቸው። ይህ መስመር የሚሠራው ግን ዕድሜው እውነተኛ ሲሆን ነው። መዝገብ ላይ ያለው ጃንዋሪ 1 ካልታመነ እናቲቱን ቁጭ አድርጎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከማን ልጅ ጋር ነው የተወለደው? ጡት የጣለው ከየትኛው ስደት በፊት ነው? ታናሹ ስንት ዓመቱ ነው? ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ነገር ነው፤ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል።

ስለ ሴት ልጆች ትንሽ ልጨምር። አሥራ ስድስት ሞልቷት አበባ ያላየች ልጅ እናቷ ትደብቃታለች፤ ጠያቂ ከመጣ «መካን ናት» ይባልብኛል ብላ ነው። መደበቁ የሚጎዳት ራሷን ነው። የጎደለው ሆርሞን ተለክቶ በሐኪም ሊሰጥ ይችላል፤ ሲሰጣትም ሴትነቷ ብቻ ሳይሆን አጥንቷም ይጠነክራል። ብዙ ሴቶች በታላሲሚያ ተይዘው፣ በሕክምና ተረድተው ወልደዋል። ወንዶቹም በእኩዮቻቸው ፊት ሲዋረዱ ዝም ይላሉ። አባቶች፣ እባካችሁ ልጃችሁን ለብቻው ወስዳችሁ በርኅራኄ ጠይቁት።

ቆሽት ሲጎዳ የስኳር በሽታ ይመጣል። ብዙ መጠጣት፣ ብዙ መሽናት፣ መክሳት ምልክቶቹ ናቸው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ግን ገዳሪፍ ውስጥ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆን ሙቀት የማይጠጣ ማን አለ? ምልክቱ በሙቀቱ ይሸፈናል። ነገሩን የሚያወሳስብ ሌላም አለ፦ የሲክል ሴል ልጅ ኩላሊቱ ሽንትን ማወፈር ስለሚያቅተው፣ ስኳር ሳይኖርበትም ውኃ አብዝቶ ይጠጣል፤ ሌሊት አልጋ ላይ ይሸናል። በዚህም የሚገረፉ ልጆች አሉ፤ ኩላሊቱ ነው እንጂ ስንፍናው አይደለም። ስለዚህ በጥም ብቻ አትፍረዱ። በብርዱ ወራት፣ በታኅሣሥና በጥር ጥሙ ካልቀነሰ፣ ክብደቱም ከቀነሰ የደም ስኳሩ ይለካ። የሚለካውም በባዶ ሆድ፣ ወይም የስኳር ውኃ ከጠጣ በኋላ በሚደረገው ምርመራ ይሁን። የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየውን ምርመራ ለእነዚህ ልጆች አትመኑበት። ያ ምርመራ የሚያነበው ቀይ የደም ሴልን ነው፤ የእነሱ ሴል ቶሎ ይፈርሳል፣ ወይም የለጋሽ ሴል ነው። ስኳሩ ከፍ ብሎ ሳለ ወረቀቱ «ደህና ነው» ሊል ይችላል።

ከታይሮይድ ጀርባ ያሉ አራት ትንንሽ ዕጢዎች ካልሲየምን ይቆጣጠራሉ። እነሱ ሲጎዱ አፍ ዙሪያና ጣቶች ይደነዝዛሉ፣ እጅ ይኮማተራል፣ ሲብስ ልጁ ይንቀጠቀጥና ይወድቃል። ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ዛር እናውቃለን፤ ሰውም መጀመሪያ የሚያስበው እሱን፣ ወይም ቡዳን ነው። ጸበሉን አትተዉ አልልም። ነገር ግን የወደቀ ልጅ በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ ይድረስ፤ ወባም፣ ስትሮክም፣ የካልሲየም ማነስም ሊሆን ይችላልና። የካልሲየም ማነስ ከሆነ በመድኃኒት የሚስተካከል ነው። ታይሮይድም፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎችም ይጎዳሉ፤ በጣም የፈዘዘ፣ የሆድ ድርቀት ያለበት፣ ወይም በትንሽ ትኩሳት ራሱን የሚስት ልጅ ስለ እነሱም ይመርመር።

ቆጵሮስ ላይ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለው ዓለም አቀፉ የታላሲሚያ ፌዴሬሽን እነዚህ ምርመራዎች ልጁ 10 ዓመት ገደማ ሲሞላው ተጀምረው በየዓመቱ እንዲደገሙ ይመክራል፤ ቁመት ደግሞ በየስድስት ወሩ ይለካል። የገዳሪፍን ሁኔታ አውቃለሁ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲጀመር፣ ኋላም ታኅሣሥ 2016 ላይ ወድ መደኒ ስትያዝ ስንት ሰው ወደዚህች ከተማ ፈለሰ! ስንቱ በመተማ አልፎ ኩመርና አውላላ መጠለያ ገባ! የልጆቹ ፋይል ካርቱም ቀረ። ስንት ከረጢት ደም እንደወሰዱ የሚያውቀው ያ ፋይል ብቻ ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ባለ ሃምሳ ገጽ የትምህርት ቤት ደብተር ግዙ። በመጀመሪያው ገጽ የልጁን እውነተኛ ዕድሜ፣ በአወላለዱ ምልክት ጭምር ጻፉ። ደም በተሰጠው ቁጥር ቀኑን፣ መጠኑንና ከመሰጠቱ በፊት የነበረውን ሄሞግሎቢን አስጽፉ፤ ነርሷ ብትቸኩልም ለምኗት። በሌላ ገጽ በስድስት ወር አንዴ ቁመቱን መዝግቡ። ማንበብ የማትችሉ ለእያንዳንዱ ከረጢት አንድ መስመር አስምሩ። መስመሩ አሥር ሲያልፍ ስለ ብረት ጠይቁ። ፌሪቲን የሚባል የደም ምርመራ አለ፤ ከ1000 ሲያልፍ ሐኪም ብረት አስወጪ መድኃኒትን ያስባል። ልጁ ትኩሳት ወይም ሕመም ላይ ሳለ ግን ቁጥሩ ያለ ብረትም ስለሚዘል በደህናው ቀን ይለካ።

ብረት አስወጪ መድኃኒቶች ሦስት ናቸው። የቀድሞው በቆዳ ሥር በትንሽ ፓምፕ ከ8 እስከ 12 ሰዓት፣ በሳምንት ከአምስት እስከ ሰባት ሌሊት የሚንጠባጠብ ነው። በድንኳን ውስጥ ያለ እናት ይህን እንዴት እንደምታደርገው አስቡት። ከእሱ በኋላ የሚዋጡ ሁለት መጡ፤ አንዱ በቀን አንድ ጊዜ፣ ሌላው ሦስት ጊዜ። አንደኛው ኩላሊትንና ጉበትን፣ ሌላኛው ነጭ የደም ሴልን እያስመረመሩ የሚወሰዱ ናቸው። ከገበያ ገዝቶ ያለ ሐኪም መስጠት ልጁን ሊገድል ይችላል። ደም የመውሰድን ብዛት የሚቀንስ ሌላ መድኃኒትም አለ፤ ሃይድሮክሲዩሪያ ይባላል። በአንጎላ፣ በኮንጎ፣ በኬንያና በኡጋንዳ ልጆች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ፤ ሕመሙም፣ ደም መውሰዱም፣ ወባውም፣ ሞቱም ቀነሰ። ሐኪማችሁን ስለ እሱ ጠይቁ። መድኃኒቱ የተገኘላችሁም ክረምት ሳይገባ ያዙ፤ መሬቱ ጭቃ ሲሆን ከመጠለያ ወደ ከተማ መውጣት ምን እንደሚመስል ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

አንድ የሚከብደኝን ነገር ልናገር። እኔ ነርስ ነኝ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ገና ሥራ ስጀምር፣ ዓይኗ የገረጣ አንዲት ልጅ መጣች። ደም ማነስ ነው ብዬ የብረት ክኒን ለወር ሰጠሁ፤ ጤፍና ጉበት አብሉልኝ አልኩ። ስንት ጊዜ ደም እንደወሰደች አልጠየቅሁም። ኋላ እናቷ ስትነግረኝ ጣቶቿን ቆጥራ ጨርሳ እንደገና ጀመረች። ብረት በሞላው ሰውነት ላይ ብረት ጨምሬበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ያቺ እናት ጣቷን ስትቆጥር ሳላያት ቀርቼ አላውቅም። ለእነዚህ ልጆች የሚያስፈልጋቸው ፎሊክ አሲድ ነው፤ ለነፍሰ ጡር የሚታደለው ክኒን ግን ብዙ ጊዜ ፎሊክና ብረት በአንድ የያዘ ነው። ማሸጊያውን አሳይታችሁ ጠይቁ። ደም እምብዛም ያልወሰደ ልጅ ብረት ሊያንሰው ይችላል፤ ያ በምርመራ ይለያል። እንጀራውን ግን አትከልክሉት፤ በምግብ የሚገባው ከደም ከሚገባው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

ሌላም አለ፦ በአትባራና በራሃድ ወንዞች ዳር ካላዛር የሚባል በሽታ ስላለ ሆዱ ያበጠ ልጅ ሁሉ ካላዛር ነው ይባላል። የትንሽ ልጅ ጣፊያ በሲክል ሴልም፣ በወባም ያብጣል። ለካላዛር ታክሞ ያልዳነ ልጅ የሲክል ሴል ምርመራ ይደረግለት።

ንግግሬን እዚህ ላቁም፤ ሜትር ይዣለሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ በሩ ኑ፣ ጫማቸውን አውልቁላቸው፣ ተረከዛቸው ግድግዳውን ይንካ። ደብተር ላላመጣችሁ ወረቀት አለ። መጀመሪያ ግን ዕድሜውን ንገሩኝ፤ በካርዱ ላይ ያለውን ሳይሆን ያንን ሰሊጡ ታጭዶ ሳይወቃ የነበረውን ዓመት።